ከግድግዳው ሥር የተለካ ዝናብ

ሐረር፣ ጥቅምት 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራዬ፣

ባለሽበት የብርድ አገር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የጀመርሽውን ትምህርት ያስፈጽምሽ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ባለፈው ሳምንት መጥታ ጠይቃኛለች፤ ደህና ናት፤ ደብዳቤ አሳጠረችብኝ ብላ አማርራብሻለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዝናብ መዝገቤ ቀድቼ የላክሁልሽን የሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር በታይፕ አስመትተሽ የመለስሽልኝን ሠንጠረዥ ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ከዋናው ጋር አመሳከርሁት። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው። ግን ጳጉሜን የት ገባች?

መስከረምን ሴፕቴምበር፣ ጥቅምትን ኦክቶበር እያልሽ አሥራ ሁለት ዓምድ ሞላሽ። የእነሱ ቅጽ አሥራ ሦስተኛ ዓምድ ስለሌለው ጳጉሜንን ጣልሻት። በየዓመቱ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት፤ ደምሬዋለሁ፤ ከ1945 እስከ 1975 መቶ ስድሳ ሦስት ቀን ነው። የመቶ ስድሳ ሦስት ቀን ዝናብ የት ሄዶ ነው? በዚያ ላይ መስከረም አንድ የእነሱ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ እንጂ አንድ አይደለም። ሌላ ሰው ቢያደርገው አልደነቅም ነበር። አንቺ ግን እዚሁ ፈላና በር ተወልደሽ፣ እኔው ፊደል አስቆጥሬሽ ነው። ከእናትሽ ጋር የእኅትማማች ልጆች ስለሆንን የማልፍሽ እንዳይመስልሽ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሥሪው፤ በየወሩ ሳይሆን በየቀኑ ቀይሪ።

መምህርሽ «ሴትዮዋ ማን ናቸው?» ብለው ከጠየቁ እንዲህ በያቸው። ጽጌሬዳ ወልደሚካኤል ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። እርሷንም ያስተማሯት መነኮሳት ስለነበሩ አንድ ቁጥር ስታዛንፍ በማስመሪያ ጠርዝ ጣቷን ይሏት ነበር። በ1945 የዝናብ መለኪያ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ የሚይዘው ሲጠፋ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት ውኃውን ትለካለች። እናቷ በሞቱበት ቀንም ለክታለች።

ከአምና ጀምሮ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ በሬ ላይ ሰቅያለሁ። የዕለቱንና ከወቅቱ መጀመሪያ የተጠራቀመውን በጠመኔ እጽፍበታለሁ። ከገጠር ጫት ይዘው የሚገቡት ገበሬዎች ቆመው ያያሉ፤ ማንበብ የማይችለው የሚችለውን ይጠይቃል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አሰፋ፣ ንፍጡ ሳይደርቅ ያስተማርሁት የጥንት ተማሪዬ፣ ትናንት መጣ።

«እትዬ፣ ይህን ነገር ቢያወርዱት። ዝናብ ቀነሰ እያሉ መጻፍ ሕዝብ ያሸብራል።»

«ቀነሰ የሚል ቃል የት አየህ? አንብብልኝ።»

አነበበ። ቁጥር ብቻ ነው። «ቁጥሩ ነዋ የሚለው!» አለኝ።

«እንግዲያው ከቁጥሩ ጋር ተጣላ» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ጽጌሬዳ ወልደሚካኤል


ሌኒንግራድ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጽጌሬዳ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከበረዶው ማዶ ይድረስዎ፤ ለጉልበትዎ ምሕረቱን ይላክልዎ። ስለ ጳጉሜን የጻፉትን ሳነብ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ለመምህሬ ብነግራቸው «እኚህ ሴትዮ እዚህ መጥተው እኛን ቢፈትኑን ይሻላል» ብለው ሳቁ። ሁሉንም ቀን በቀን ቀይሬ እንደገና ሠርቻለሁ።

ለምን እንደምደክም ልንገርዎት። እዚህ ያሉ ሊቃውንት ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጭስ በአየር ውስጥ እየተከማቸ ምድርን ያሞቃል ይላሉ። የእኛን በልግ የሚነካው እሱ ይሁን ሌላ ነገር ማንም አያውቅም። ለማወቅ በአንድ ቦታ ሳይቋረጥ የተለካ ረዥም መዝገብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን ደግሞ ምንም አይናገርም። ስለዚህ አብራኝ የምትማረው ሩቂያ፣ ከባሕሩ ማዶ የዓደን ልጅ ናት፣ ከአገሯ ወደብ የቆየ መዝገብ አስመጥታለች። እኔ የእርስዎን ሰጠኋት፤ እሷም የእሷን ሰጠችኝ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። እስከ 1967 ድረስ የበልጉ ዝናብ በአማካይ ሁለት መቶ ስድሳ ሚሊ ሜትር ነው። ከ1968 ጀምሮ መቶ ዘጠና አምስት ይሆናል። በዝግታ አልወረደም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደ ደረጃ ዝቅ አለ። ያኔ የተለወጠ ነገር ነበረ ይሆን?

ልጅዎ ሥራዬ


ሐረር፣ ጥር 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሥራዬ፣

ጤና ይስጥሽ። እኔም ደህና ነኝ።

ለጥያቄሽ መልስ፤ መለኪያው ያው መለኪያ ነው፤ እኔም ያው እኔ ነኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን አላጎደልሁም። ዝናቡ ከቀነሰ የቀነሰው ዝናቡ ነው። ምክንያቱን መፈለግ የአንቺና የመምህርሽ ሥራ ነው እንጂ የእኔን እጅ መመርመር አይደለም።

ጽጌሬዳ


ሌኒንግራድ፣ መጋቢት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጽጌሬዳ፣

ጾሙ በሰላም እንዲያልፍልዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ እየላላ ነው።

ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ቁጥር ሲዛነፍ ዝም ማለትን ያላስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከሐረር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ የተያዘ ሌላ መዝገብ አገኘሁ። እዚያም በልጉ ቀንሷል፤ ነገር ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው እንጂ በ1968 እንዲህ ያለ ደረጃ የለውም።

ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ውኃውን ሊያሳዩኝ ወደ ግቢው መሐል ይዘውኝ ይወጡ ነበር። ቀና ስል በሁሉም በኩል ሰማይ ነበር። አምና በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ግን ከመለኪያው ጀርባ የድንጋይ ግድግዳ ይታያል።

እትዬ፣ መለኪያው የት ነው ያለው?

ልጅዎ ሥራዬ


ሐረር፣ መስከረም 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራዬ፣

አዲሱን ዓመት የጥጋብ ያድርግልን፤ አንቺንም በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። ደብዳቤሽ ከተጻፈ አምስት ወር ከሃያ ሦስት ቀን ሆኖት ነው የምመልሰው። ፖስታ ቤቱን አትሚ። ደብዳቤሽ ሚያዝያ ውስጥ ደርሶኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ ከረመ።

ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ዋናው ቤትና ሰፊው ግቢ ከእጄ ወጣ። ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ቀሩልኝ። ጥቅምት 3 ቀን 1968 መለኪያውን ከግቢው መሐል ነቅዬ አሁን ካለበት ከግድግዳው ሥር ተከልሁት። ነፋስ ይዞት የሚመጣውን ዝናብ ግድግዳው እንደሚከለክል ያን ጊዜም አላጣሁትም። በዚያ ቀን መዝገቤ ላይ ያለው 0.0 ብቻ ነው። «መለኪያው ቦታ ለወጠ» ብዬ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። ብጽፈው ለምን የሚል ይመጣል፤ መልሱ ቤቴን ስለወሰዱት ነው። ያንን በገዛ እጄ መጻፍ እንደ መፈረም ቆጠርሁት። በኩራቴ ዘጠኝ ዓመት አበላሸሁ። አንቺን ለአምስት ቀን ጳጉሜን እንዲያ ስገሥጽሽ እኔ ይህን ተሸክሜ ነበር።

የከፋው ሌላ ነው። ከበኪሎ መንደር ጫት የሚያመጣውን ዓብዱላሂን ታውቂዋለሽ። የድሮውን መዝገብ አይቼ «እስከ ሚያዝያ አጋማሽ መቶ ሚሊ ሜትር ካልሞላ ቆይቶ የሚደርሰውን ረዥሙን ማሽላ አትዝራ» ብዬ የነገርሁት እኔ ነኝ። በ1975 ሚያዝያ 15 ቀን ሰሌዳው ላይ 91 ጻፍሁ። እሱም አምኖኝ ማሽላውን ትቶ ድንች ተከለ፤ ድንቹን በሽታ ጨረሰው። ጎረቤቶቹ የረዥሙን ማሽላ አገዳ በግመል ጫኑ። መቶው ከግቢው መሐል የተለካ፣ ዘጠና አንዱ ከግድግዳ ሥር የተለካ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሰሌዳው ፊት አቁሜ ሁሉንም ነገርሁት። እንደ ሐረር ሰው ለሁሉም አንቺ ነው የሚለው፤ ተይው፣ ከእሱ ሲወጣ ያምራል።

«አቦ፣ እንግዲህ ማሽላዬን የበላው ግድግዳሽ ነው በይኛ!»

«ግድግዳው አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ወፍ ሲበላብኝ ነበር የምናደደው። ወፍ እንኳ ጥቂት ይተዋል።» ከዚያ ጫቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ታዲያ አሁን ሰሌዳውን ልታወርጂ ነው?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ የምለው፣ ስንት እንደበላሽብኝ በትክክል አስልተሽ ጻፊው። ካወረድሽው ከማን ጋር ነው የምጣላው?»

ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው ቤቴ ሄድሁ። በገዛ በሬ ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። አሁን የሚኖርበት አሰፋ ነው፤ አዎን፣ ያው ሊቀመንበሩ። ሚስቱ ንግሥት ልብስ ታሰጣ ነበር።

«እትዬ! ምነው፣ በደህና?» አለ፣ ከንፈሩ ላይ ሻይ እንዳለ።

«ግቢህ መሐል አንድ የዝናብ መለኪያ ላቆም መጣሁ። እስከሚመጣው በልግ ማብቂያ ብቻ ነው። የዚህንና የግድግዳውን ጎን ለጎን ለክቼ ልዩነቱን ካወቅሁ የቆየውን ማረም እችላለሁ።»

«እርስዎ ሰሌዳውን አላወርድም ብለው የበላዮቼ ዘንድ አዋርደውኝ፣ እኔ ግቢዬን ልስጥ?»

«የማን ግቢ?»

የሻይ ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ንግሥት ሳቋን በእርጥብ ፎጣ አፈነችው።

«ሰሌዳውን ያውርዱ፤ እኔም እፈቅዳለሁ» አለ።

«ሰሌዳውን አላወርድም። አንተም ትፈቅዳለህ። በአራተኛ ክፍል መልስህ ሲበላሽ ወረቀቱን ቀደህ ልትጥል ስትል ምን አልሁህ?»

«በአንድ መስመር ሰርዘህ ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፍ» አለ፣ እንደ ልጅ፣ ሳያስበው።

«እኔም ልሰርዝና ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

ንግሥት ናት የጨረሰችው። «ገመዱን ወደዚያ አዛውረዋለሁ። ጠዋት በሦስት ሰዓት አይደል? እኔ እለካለሁ፤ እርስዎ ደረጃ አይውጡ።» ጊዲር መጋላ ገበያ ወርጄ ከመለኪያዬ አፍ ጋር አንድ ልክ የሆነ ሁለተኛ አሠራሁ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሦስት ጊዜ አፍርሶ እንዲሠራ ስላደረግሁት በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል።

ለመምህርሽ ይህን ደብዳቤ ሙሉውን ተርጉሚላቸው። እኔን የሚሸፍን ነገር አንድም እንዳትጨምሪ።

ጽጌሬዳ ወልደሚካኤል


ሌኒንግራድ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጽጌሬዳ፣

እጅዎን ስሜ ልጀምር። ደብዳቤዎን ለመምህሬ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ያለ ስህተት በብዙ አገር መዝገብ ውስጥ ተደብቋል፤ ቦታ ቀየርኩ ብሎ የጻፈ ግን ጥቂት ነው» አሉ። ጎን ለጎን የሚለካው አንድ ሙሉ በልግ ከሆነ ይበቃል ብለዋል። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይነበቡ፤ የሁለቱም አፍ ከመሬት እኩል ይራቅ።

ሌላ የምለው አለኝ። ደብዳቤዎ ተከፍቶ በሙጫ ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። እዚህም አንድ የአገራችን ሰው ጠርቶ «የአገርን ቁጥር ለውጭ ዜጋ ማን ፈቀደልሽ?» ብሎኛል። ስለ ሩቂያ ነው የሚያወራው። ወሎና ትግራይ ሕዝቡ እንዴት እንደሆነ እዚህ በቴሌቪዥን አይተናል። አሁን የዝናብ ነገር የሚወደድ ወሬ አይደለም።

እኔ ልጅ አይደለሁም፤ ለራሴ አልፈራም። እርስዎ ግን ብቻዎን ነዎት። እባክዎ ሰሌዳውን ያውርዱት። መለካቱን ቤት ውስጥ ይቀጥሉ፤ እናቴ ዘንድ ያስቀምጡት፤ ጊዜው ሲሻል እናወጣዋለን።

ልጅዎ ሥራዬ


ሐረር፣ ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራዬ፣

የመጨረሻው ፈተናሽ ደርሷል ብላ እናትሽ ነግራኛለች፤ እጅሽን አያንቀጥቅጠው፤ ያነበብሽውን ያስታውስሽ። እኔ በጤናዬ አለሁ። የምነግርሽን ሁሉ ቆሜ እንጂ ተደፍቼ እንዳልጻፍሁት እወቂ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ከመጋቢት አንድ እስከ ግንቦት ሠላሳ በግቢው መሐል 208.4፤ ከግድግዳው ሥር 183.4። ግድግዳው ከመቶው አሥራ ሁለቱን ይነጥቃል ማለት ነው። ንግሥት አንድ ቀን አላጎደለችም፤ ልጇ ታሞ ባደረበት ዕለት እንኳ ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆውን ይዛ ቆማ ነበር። በዚህ ሲታረም ከ1968 እስከ 1975 ያለው አማካይ መቶ ዘጠና አምስት መሆኑ ቀርቶ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ይሆናል። ከአራት እጅ አንዱ ጎደለ ስንል የጎደለው ከሰባት እጅ አንዱ ያህል ነው። ነገር ግን ጎድሏል። አሁን የግድግዳ ነው የሚለን ሰው የለም፤ ግድግዳውን ቀንሰንለታል።

የዓብዱላሂም 91 ሲታረም 103 ነው። ሰሌዳው ላይ 91ን በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ 103 ጻፍሁ፤ ከሥሩም «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ጽጌሬዳ» አልሁበት። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲያይ ዓብዱላሂ «ያ ጀመዓ፣ ድንቼ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ፋቲሓ አንብቡለት» እያለ ሲቀልድብኝ ዋለ። ዘንድሮ ግን መቶው በጊዜ መሙላቱን አይቶ ረዥሙን ማሽላ ዘርቷል።

ይህን ያየ ሌላም ሰው ነበር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቀበሌ ተጠራሁ። ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አሰፋ ጥግ ላይ ማኅተሙን ይዟል። ስማቸውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወፍራሙ ወረቀት ገፋልኝ፤ በካርቦን ሦስት ቅጂ። «እኔ ጽጌሬዳ ወልደሚካኤል በሰሌዳ ላይ የጻፍሁት የዝናብ ቁጥር ሐሰት መሆኑን አምኛለሁ» ይላል።

«ራስዎ ስህተት ነው ብለው ጽፈዋል። እንግዲህ ይፈርሙ።»

«ያረመ ሰው ዋሸ አይባልም። ደግሞ ይህ ጽሑፍ አልተሟላም። የትኛው ቁጥር ነው ሐሰቱ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ቁጥር የለም። የትኛው ዓመት፣ ስንት ተብሎ ተጻፈ፣ ትክክለኛው ስንት ነው? ይህ ሳይዘረዘር አልፈርምም።»

«እናትዬ፣ እስር ቤት የሚያስገባ ነገር መሆኑን ያውቃሉ?»

«እዚያም ሰማይ ካለ መለኪያዬን ይዤ እገባለሁ።»

ቀጭኑ ሰዓቱን አየ፤ ለምሳ ቸኩሏል። «ትዘርዝር እንጂ፣ ምን ቸገረን? የሚፈለገው ፊርማዋ ነው» አለው።

መዝገቤን ይዤ ነበር። ጠረጴዛው ዳር ተቀመጥሁ። የቀድሞው ሳይታወቅ የኋለኛው አይታረምም ብዬ ከ1945 ጀመርሁ። የሠላሳ ሦስት ዓመት በልግ፣ የተበላሸውን በአንድ መስመር እየሰረዝሁ፣ የታረመውን ከጎኑ። መለኪያው ጥቅምት 3 ቀን 1968 ቦታ የለወጠው ቤቴ ስለተወረሰ መሆኑንም ጻፍሁት፤ ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ። ካርቦኑ እንዲያሳልፍ ጠበቅ አድርጌ ነው የጫንሁት። እነሱ ምሳ በልተው ተመለሱ፤ እኔ 1970 ላይ ነበርሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረምሁ። «አምኛለሁ» ከሚለው ፊት «ከዚህ በታች የተሰረዙትን ብቻ» የሚል አስገብቼበታለሁ።

ወፍራሙ ሳያነብ ወደ አሰፋ ገፋው። አሰፋ ግን አነበበ። ከላይ እስከ ታች፣ ጣቱን እያስኬደ፣ ልክ ክፍል ውስጥ ማንበብ እንዳስተማርሁት። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ሦስቱንም ቅጂ አንድ በአንድ ማኅተም መታባቸው፤ ቁጥሩ ላይ እንዳያርፍ ቦታ እየመረጠ።

ቀጭኑ በር ላይ ደርሶ ነው ያስተዋለው። «ቆይ፣ ይሄ እኮ ያው ሰሌዳው ነው!»

«አይደለም» አልሁት። «ሰሌዳው ማኅተም አልነበረውም።»

ሰሌዳውን ነቅለው ወሰዱት። ጡረታዬንም ለሁለት ወር አግደዋል፤ ይህን ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ስንቅ ማመላለስ ትጀምራለች። ሰሌዳው በተነቀለ ማግሥት ጠዋት ዓብዱላሂ ባዶውን በር አይቶ አንኳኳ። «አቦ፣ ዝናቡ የት ሄደ?» ሲለኝ «ቀበሌ ገብቷል፤ ሂድና ጠይቅ» አልሁት። ሄዶ ጠየቀ። በማግሥቱ አራት ሆነው ሄዱ። አሁን በየቀኑ ከየገጠሩ ሰው እየመጣ ማኅተም ያለበትን ዝናብ አሳዩን ይላል፤ ንግሥት እንደነገረችኝ አሰፋ ማሳየት ጀምሯል። የዕለቱን ደግሞ እኔ በቃሌ ለጠየቀ ሁሉ እናገራለሁ። ምላሴን የሚነቅል እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

አውርጂው፣ ደብቂው፣ ጊዜው ሲሻል እናወጣዋለን ያልሽኝን አንብቤዋለሁ። ለእኔ አዝነሽ ነው፤ አልተቀየምሁሽም። ግን ጊዜ የሚሻለው ሰው ሲያውቅ ነው እንጂ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ አይደለም። መሳቢያን እኔ ሞክሬዋለሁ።

ከሦስቱ ቅጂ አንዱ ቀበሌ ነው፤ አንዱን ሰዎቹ ይዘውት ሄደዋል። ለፈራሚ የሚደርሰው ሦስተኛው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ለመምህርሽ ስጪ። ለዓደኗ ልጅም ስጪ፤ ማን ፈቀደልሽ የሚልሽ ቢመጣ ማኅተሙን አሳዪው። ዝናቡ እኛ ጋ የሚደርሰው በእነሱ ባሕር ላይ አልፎ ነው፤ ከእነሱ የሚደበቅ ነገር የለውም።

ይህን ፖስታ ከሥራዬ በፊት ለሚከፍተው ሰው፤ ጤና ይስጥህ። ሠንጠረዡን ለራስህም ቅዳ። ሰባትና አንድ በካርቦን ላይ ይመሳሰላሉና ተጠንቀቅ፤ ስትጨርስ ከዋናው ጋር አመሳክር።

ጽጌሬዳ ወልደሚካኤል